እርማት፦ ጎድዚላ በጃፓን ቅጂም አላሸነፈም

«እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው ‹ኪንግ ኮንግ ከጎድዚላ› ፊልም፣ በጃፓኑ ቅጂ ጎድዚላ፣ በአሜሪካው ደግሞ ኮንግ ያሸንፋል» የሚለው ስህተት ነው። ለየአገሩ ስሜት ተብሎ የተቀረጸ ሁለት ፍጻሜ የለም። በሁለቱም ቅጂዎች ጭራቆቹ፣ ጎድዚላና ግዙፉ ጎሪላ ኮንግ፣ በጃፓኗ የአታሚ ከተማ ያለውን ግንብ አፈራርሰው ተያይዘው ባሕር ይገባሉ፤ ከውኃው ብቅ የሚለው ኮንግ ብቻ ነው፤ ወደ መኖሪያ ደሴቱም ይዋኛል። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው፤ በጃፓኑ መዝጊያ የሁለቱም ጩኸት ሲሰማ፣ በአሜሪካው የሚሰማው የኮንግ ብቻ ነው።

ወሬው መታረም ያለበት የፊልሙን እውነተኛ ማኅበራዊ ትችት ስለሚሸፍን ነው። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ የተቹት አሜሪካን ሳይሆን የገዛ አገራቸውን የቴሌቪዥን ንግድ ነው። በፊልሙ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የሆነው ታኮ፣ ስፖንሰር የሚያደርገው ፕሮግራም ተመልካች ስላጣ ይበሳጫል፤ ሠራተኞቹን ኮንግ የሚኖርበት ፋሮ ደሴት ድረስ ልኮ ጭራቅ እንዲፈልጉለት ያደርጋል። ሕዝብ አደጋ ላይ ወድቆ ሳለ እንኳ የሚያሳስበው ማስታወቂያው ነው። ሆንዳ ይህን ገጸ ባሕርይ በቀልድ ቢያቀርቡትም ትችቱ ጠንካራ ነው።

በ1963 አሜሪካ ሲታይ ከእነዚህ ትዕይንቶች ብዙዎቹ ተቆርጠው፣ በምትካቸው ሁኔታውን የሚያብራሩ የዜና አንባቢዎች ገቡ፤ የአኪራ ኢፉኩቤ ሙዚቃም በአብዛኛው ተቀየረ። ያንን ቅጂ ብቻ ያየ ሰው ትግሉን እንጂ ትችቱን ባያስተውል አይፈረድበትም። ማረጋገጥ የሚፈልግ 97 ደቂቃ የሚፈጀውን የጃፓን ቅጂ ይፈልግ፤ የአሜሪካው 91 ደቂቃ ነው።