ይድረስ ካርቶኔን ለምትወረውረው

ቀን፦ ሦስተኛው ጀበና በደረሰ ማግስት
ለ፦ ስሙን ለማላውቀው ካርቶን ወርዋሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። "አንቱ" ልልህ አስቤ ነበር። ግን ሁለት ጀበና ከሰበርክብኝ በኋላ ቤተሰብ ሆነናል፤ "አንተ" ብልህ ቅር አይልህም።

የት አገር እንደምትሠራ አላውቅም። ጀበናውን ከአዲስ አበባ የምልከው ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ነው፤ መንገዱ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመሀሉ ስንት መጋዘን፣ ስንት ጋሪ፣ ስንት ትከሻ እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው። ሁሉም "እኔ አይደለሁም" ይላል። ስለዚህ ደብዳቤውን በጅምላ ላንተ ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያውን ጀበና ታስታውሰው ይሆናል። የቀጨኔ ሥራ ነው። የሠራችው እናት ከሌሎች ጋር ደርድራ፣ ጭድ ብቻ ጎዝጉዛ፣ በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን ወርዳ ገበያ አድርሳዋለች። ጭረት እንኳ አልነበረበትም። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። በጋዜጣ ጠቀለልኩት፣ የዘይት ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፣ "ተሰባሪ ዕቃ" ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በቀይ ጻፍኩበት። ሥዕልም ጨመርኩ፦ "ይሰበራል" ለማለት የወይን ብርጭቆ፣ "ይህ ወደ ላይ" ለማለት ሁለት ቀስት፣ "አይርጠብ" ለማለት ጃንጥላ።

አሁን ሳስበው ጥፋቱ የሥዕሎቹ ነው። የወይን ብርጭቆውን ስታይ "ለጤናችን!" የተባልክ መሰለህ። ሁለቱን ቀስቶች "ወደ ላይ ወርውር" ብለህ አነበብካቸው። ጃንጥላዋን ስታይ ደግሞ "ይሄማ ጥላውን ይዟል" ብለህ ዝናብ ላይ አሳደርከው። አልፈርድብህም።

እህቴ በቪዲዮ እያየኋት ከፈተችው። 23 ቁራጭ። ቆጠረቻቸው። ትልቁን ገል አስቀርታ ዕጣን ታጨስበታለች፤ ስለዚህ ጭራሽ ከስሬያለሁ አልልም።

በሁለተኛው ብልጥ ሆንኩ። ጀበናውን መሀል አድርጌ ዙሪያውን ሽሮና በርበሬ ሞላሁ። ለስላሳ ነው፣ ይደግፈዋል፣ እግረ መንገዱንም ይበላል። ያልገባኝ ነገር፣ ሽሮ መንገድ ላይ ይጠቀጠቃል። መኪናውና አውሮፕላኑ እያንቀጠቀጡት ወደ ታች ይወርድና ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ጀበና ደግሞ ባዶ ቦታ ካገኘ እስክስታ ይወርዳል። አንገቱ ተቀነጠሰ። የበርበሬው ላስቲክም ፈነዳ። ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሳታስነጥስ እንዳልቀረህ እገምታለሁ።

ይማርህ።

ከዚያ በኋላ ነው ሳይንሱ ውስጥ የገባሁት። ለካ አወራወርህ መለኪያ ወጥቶለታል! አይስታ የሚባል ዓለም አቀፍ የማሸጊያ ፍተሻ ማኅበር አለ። በአንዱ ፍተሻው ከ9 ኪሎ የማይበልጥን ካርቶን ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ይጥሉታል። አንዴ በማዕዘኑ፣ ሦስቴ በጠርዙ፣ ስድስቴ በየገጹ። 76 ሴንቲ ሜትር ማለት የኛ ቤት ጠረጴዛ ነው። እኔም ሳልውል ሳላድር ካርቶን ከጠረጴዛው ላይ መጣል ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ እናቴ ገባች።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"እየሞከርኩ ነው እማዬ።"

"ምኑን?"

"መንገዱን።"

ምንም አልመለሰችልኝም። ማታ ግን ለጎረቤት "ነገ እንጦጦ ጸበል ይዤው እሄዳለሁ" ስትል ሰማኋት።

ሙከራው ግን ብዙ አስተማረኝ። ጀበና ቶሎ የሚሸነፈው በሆዱ ሳይሆን በአንገቱና በእጀታው በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሆዱን በጨርቅ ሞላሁት፤ ባዶ ሆድ ለጀበናም አይሆንም። አንገቱን ወጌሻ እንዳሰረው ክንድ ጠቀለልኩት። በእጀታውና በአንገቱ መሀል ያለውን ክፍተት በፍራሽ ስፖንጅ ደፈንኩት። ከዚያ ትንሽ ካርቶን፣ ትንሹ ካርቶን ደግሞ ትልቅ ካርቶን ውስጥ፤ በሁለቱ መሀል በስድስቱም አቅጣጫ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ። ትልቁን አዲስ ገዛሁት። አንዴ የረጠበ ወይም የተጨማደደ ካርቶን ሲደርቅ ደህና ይመስላል እንጂ ጉልበቱ የለም፤ የዘይቱ ካርቶን ጉድ የሠራኝ በዚህ ነው። ስፖንጁን ለመግዛት ምናለሽ ተራ ስዞር ነጋዴው "ፍራሽ ልትሠራ ነው?" አለኝ። "ለጀበና ነው" ስለው ዋጋ ቀነሰልኝ። አዝኖልኝ መሰለኝ።

ፕላስተሩን መሀሉ ላይና በሁለቱ ጫፎች፣ ከላይም ከታችም ለጠፍኩ። ገመድ አላሰርኩም፤ ገመድ ማሽን ላይ ይያዛል። ከላይ ያለው ወረቀት ተገንጥሎ ቢቀር ብዬ አድራሻውን ውስጥም ጨመርኩ። ከዚያ ጆሮዬን ካርቶኑ ላይ ለጥፌ ነቀነቅኩት። ድምፅ ከሰማህ ገና አላሸግህም ማለት ነው። ጭጭ አለ።

(ማሸጊያው ከጀበናው ዋጋ በለጠ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።)

"ተሰባሪ" ብዬም አልጻፍኩም። ዕቃ በሚበዛበት ቦታ አብዛኛውን የሚያመላልሰው ማሽን ነው አሉ። ከአንዱ ዕቃ ተሸካሚ ቀበቶ ወደ ሌላው ይገፈትረዋል፣ ሌላ ካርቶን ይጭንበታል። ማሽን ደግሞ ባርኮድ እንጂ ልመና አያነብም። አንተን ሳማህ የከረምኩት ለማሽን ሥራ ከሆነ ይቅርታ። ግን የጫማው ጉዳይ ያጠራጥረኛል።

የጫማው ማለቴ፣ ጀበናው ትናንት ደርሷል። ሙሉውን፣ ከነአንገቱ። ካርቶኑ አንድ ጥጉ ገብቷል። ላዩ ላይ የጫማ ዱካ አለ፤ 43 ቁጥር ይመስለኛል። ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ማሽን ጫማ አያደርግም።

እህቴ ለመክፈት አርባ ደቂቃ ፈጀባት። "ወርቅ ነው እንዴ የላክልኝ?" ብላ ስታማርር ቆየችና ቡናውን አፈላች። እንፋሎቱን በስልክ እያሳየችኝ፣ ገና አንደኛውን ሳትቀዳ፦

"ሲኒዎቹስ?" አለችኝ።

6 ናቸው። ስስ ናቸው። ሰኞ ይነሳሉ።

ከሠላምታ ጋር
የዘወትር ደንበኛህ

ግልባጭ፦
ለ፦ ካርቶኔ ላይ ተጭኖ ለመጣው ባለ 30 ኪሎ ካርቶን
ለ፦ እናቴ (ጸበሉ ለጊዜው እንዲቆይልኝ)