ማስተካከያ፦ በኮምቦልቻው ጨዋታ ዳኛ አልነበረም

ስለ ደሴው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአልቲሜት ፍሪስቢ (ሁለት ቡድኖች ጠፍጣፋ የሚበር ዲስክ እየተቀባበሉ ነጥብ የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ) ቡድን የውድድር ዘመን ባለፈው ሳምንት ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ ቡድኑ ኮምቦልቻ ላይ የተሸነፈው «በዳኛ ስህተት ነው» ብዬ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። በዚህ ጨዋታ ደንብ ጥፋትን የሚናገሩትም የሚዳኙትም 7 ለ7 የሚሰለፉት ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው። በኮምቦልቻው ግጥሚያ አንድ የደሴ ልጅ ዲስኩን ሲቀልብ የሜዳውን የዳር መስመር ረግጦ እንደነበር ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ፤ ነጥቡም ቀረ። እንዲህ ያለውን ታማኝነት በሌለ ዳኛ ስም መሸፈኔ እጅግ አሳዝኖኛል። ልጁንም ተጋጣሚዎቹንም ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጨዋታው ከዩኒቨርሲቲ እንደመጣ መጻፌም ትክክል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የጀመሩት እንደ እነዚህ ልጆች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።