ከዕቅዱ በፊት ጥሯቸው

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ካሊፎርኒያ ዶስ ሪዮስ የተባለ ፓርክ ለሕዝብ ከፈተች። ግዛቲቱ ከአሥር ዓመት በላይ አዲስ ፓርክ ከፍታ አታውቅም ነበር። ቦታው የሳን ዋኪንና የቱዎሉምኒ ወንዞች የሚገናኙበት ነው። ስፋቱ ወደ 1,600 ኤከር (650 ሄክታር ያህል) ይጠጋል። ቀድሞ ከብት ይረባበትና ይታረስ ነበር። አሁን ከ350,000 በላይ የአካባቢው ዛፍና ቁጥቋጦ ተተክሎበታል። ወንዙ ሲሞላ ውሃው እንደ ድሮው ሜዳው ላይ ይተኛል።

እኔን የሳበችኝ ግን የፓርኩ አንዲት ጥግ ናት። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለቅርጫት የሚጠቀሙባቸው ዕፅዋት የተተከሉባት ቦታ ናት፤ 3 ኤከር ያህል ትሆናለች። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ከ1,600 ኤከር ውስጥ 3 ኤከር ብቻ መሆኑ ይከነክነኛል። የእነዚህ ሰዎች ዕውቀት ለጥግ ብቻ ሳይሆን ለመላው መሬት ያስፈልጋል።

ለምን እንደምል በአንድ ነገር ላሳያችሁ። በዚያ የወንዝ ሸለቆ ቅርጫት የሚሠሩ የነባር ሕዝቦች ሴቶች ወንዝ ዳር ወርደው የቄጠማ ሥር ይቆፍራሉ። አፈሩን ያላሉ፣ ድንጋዩን ይለቅማሉ፣ የተወሰነውን ሥር ብቻ ወስደው ሌላውን ይተዋሉ። እንዲህ የተያዘ መደብ በሚቀጥለው ጊዜ ረጅምና ቀጥ ያለ ሥር ይሰጣል። ከዚያ ሴትየዋ ሥሩን በጥርሷ ይዛ ትሰነጥቀዋለች።

አሁን የመልሶ ማልማት ሥራውን እንይ። መጤ አረም ሲበዛ ፀረ አረም መርጨት የተለመደ ነው። ዕቅዱን ለሚያወጣው ባለሙያ ይህ አንድ መስመር ነው። ለቅርጫት ሠሪዋ ግን መርዙ በቀጥታ አፏ ውስጥ ይገባል። የካሊፎርኒያ ቅርጫት ሠሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ለዓመታት ጮኸዋል። ዕቅዱ ሲጻፍ አንዷ እንኳ እዚያ ብትቀመጥ ኖሮ መስመሩ ያን ጊዜውኑ ይሰረዝ ነበር። ሪባን ሊቆረጥ ሲል ብትጠራ ግን ምን ዋጋ አለው? የተረጨው ተረጭቷል።

የእሳቱም ነገር እንዲሁ ነው። ዩሮክና ካሩክ የተባሉት የሰሜን ካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ቁጥቋጦውን በልክ ያቃጥሉ ነበር። ከእሳት በኋላ ሄዘል የተባለው ተክል ቀጥ ያለ ለጋ ቀንበጥ ያወጣል፤ ለቅርጫት የሚሆነውም ያ ነው። ካሊፎርኒያ ግን በ1850 ሣር ላይ እሳት መለኮስን በሕግ ቀጣች። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸው ደረቅ እንጨት ዛሬ ለሰደድ እሳቱ ማገዶ ሆኗል። በ2024 የወጣ ሕግ ነባር ሕዝቦች በባህላቸው መሠረት ሲያቃጥሉ የነበረባቸውን የፈቃድ ጣጣ አቅልሎላቸዋል። ዘግይቷል፤ ግን እሰየው ነው።

«የሕዝብ መሬት የሁሉም ነው፣ ለእነሱ ብቻ ለምን ቅድሚያ ይሰጣል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ይገባኛል። ግን መሬቱ የሕዝብ ከመባሉ በፊትም ባለቤት ነበረው። በ1851 እና 1852 የአሜሪካ መንግሥት ተወካዮች ከካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ጋር 18 ውሎች ተፈራረሙ። ሴኔቱ አላጸድቅም አለ፤ ሰነዶቹም እስከ 1905 በምስጢር ተይዘው ቆዩ። ቃል የተገባላቸው ሰዎች መሬት አልባ ሆነው ቀሩ።

ነባር ሕዝቦች በሥራው ሲካተቱ የሚሆነውን ደግሞ አይተናል። ሬድዉድ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ኦ ሬው የሚባል 125 ኤከር መሬት አለ፤ አስፋልት የለበሰ የእንጨት ፋብሪካ ግቢ ነበር። ወንዙን ለማደስ ከደከሙት ውስጥ የዩሮክ ሠራተኞች ራሳቸው አሉበት። ሳልመን የተባለው ዓሣ ጫጩቶች ወደ ውሃው ተመልሰዋል። በ2024 በተፈረመው ስምምነት መሬቱን ዩሮኮች እንዲረከቡትና ከፓርኩ ጋር አብረው እንዲንከባከቡት ተወስኗል።

ካሊፎርኒያ እስከ 2030 ከመሬቷ 30 በመቶውን ለመጠበቅ አቅዳለች። ስለዚህ ገና ብዙ መሬት ይገዛል። የሚቀጥለው ውል ከመፈረሙ በፊት ቅርጫት ሠሪዋ ትጠራ፤ ለዕውቀቷም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈላት። ወንዝ ዳር ትውረድና ቄጠማው የት እንዳለ ታሳያቸው፤ ፀረ አረሙ ገና ሳይገዛ።