ስሙኒው ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ የተሠራበት ዓመት አይደለም

አባትዎ ከጠላት ወረራ በኋላ በደብረ ብርሃን ስላሳለፉት ልጅነት የጻፉትን በደስታ አነበብሁ። ነገር ግን «በሳጥናቸው የተገኘው ጥርሳም ስሙኒ ፲፱፻፴፮ (1936) ስለሚል በዚያው ዓመት ገበያ ላይ ነበር» ያሉት መታረም አለበት። ብዙ ሰው ይሳሳትበታል፤ እኔም ተሳስቼበት ነበር።

አዲሱ ብር ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከጠገራው (ከማርያ ቴሬዛ ብር) ጎን እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወር ነበር። ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ይመነዘር ስለነበር ሃምሳ ሳንቲሙ «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ። ፲፱፻፴፮ የሚለው ቀን ደግሞ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት በየሳንቲሙ ላይ ሲቀረጽ ኖሯል።

ጥርሱማ የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ የመዳብ ሳንቲም ሲሆን በስፋቱ ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ይቀራረብ ነበር። ብልጦቹ ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። አያቴ ጨውና በርበሬ ስትቸረችር የሚሰጣትን ሽልንግ ሁሉ መጀመሪያ ደፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ትጥለዋለች፤ ጥርት ብሎ ካልጮኸ ለባለቤቱ ትመልሳለች። እኛ ልጆች ደግሞ ተንከባልሎ አልጋ ሥር እንዲገባ እንመኛለን። በኋላ የስሙኒው ዙሪያ ጎድጎድ የተደረገው ይህን ማጭበርበር ለማስቀረት ነው።

ስለዚህ የአባትዎ ጥርሳም ስሙኒ ከክቡ በኋላ የመጣ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ክቡም ካለ ጠርዙን ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ የብር ቅብ ሊገኝበት ይችላል።