ማስተካከያ፦ በ1997 የተዘጋው ጥሪ ሳይሆን መልእክት ነው

ባለፈው ሳምንት ጽሑፍ ላይ «በ1997ቱ ተቃውሞ ሞባይል ከ2 ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር» ተብሏል። ይህ ይስተካከል። ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ያን ያህል ጊዜ የተዘጋው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፤ የተመለሰውም በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። መደወልማ እንደውል ነበር።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ የጠፋው ደግሞ ኢንተርኔት ነው። ጥሪ፣ መልእክትና ዳታ ለየብቻ ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ ስልኩ ኔትወርክ ሙሉ እያሳየ ቴሌግራም ላይ ያቺ ትንሽ ሰዓት ብቻ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ሁሉም በአንዴ የሚጠፋበትም አለ፤ ግብፅ ውስጥ በጥር 2003 የሞባይል ጥሪም ተቋርጦ በማግስቱ ሲመለስ፣ ኢንተርኔቱ ግን ቀናት ቆይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ቡራዩ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር «ዘጉት!» ማለት ለምዶብናል። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ የኔትወርክ ማማው ባትሪም ያልቃል። ሰፈሩ ጨለማ ከሆነና መሀል ከተማ ያለው ዘመድ እንደልቡ ከተደዋወለ፣ መጀመሪያ መብራቱን ጠርጥሩ።