ጠመንጃ የሚይዝ ቦርሳ አጣሁ

አንድ የአደን ቦርሳ ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጀብኝ። አሁንም ልቤ አላረፈም። የማድነው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ነው፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን። ተራራው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ጠመንጃዬ ከነመነጽሩ 4 ኪሎ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲንጠለጠል ማንገቻው ትከሻ ይልጣል።

ታዲያ ሁሉም ቦርሳ ላይ «ጠመንጃ ይይዛል» ተብሎ ተጽፏል። ምን ዋጋ አለው! ባለፈው ዓመት የገዛሁት ሰደፉ የሚገባበት ኪስ ነበረው። ኪሱ ጎን ላይ ስለተሰፋ ክብደቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ይጎትታል። አፈሙዙ ከጭንቅላቴ በላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ በነካ ቁጥር ወደ ኋላ ይስበኛል። ኤልኩ ፊት ለፊቴ ሲቆም ደግሞ እጄ ጠመንጃው ጋ አይደርስም። ቦርሳውን አውርጄ ዘለበቱን በጓንት ስታገል «ቀጭ» አለ። ኤልኩ ቀና አለ። ከዚያ ጫካው ዋጠው።

ሌላም አለ። የኮሎራዶ ሕግ ኤልክ በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከወገቡ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ኮፍያም ጭምር። ቦርሳ ሰሪዎቹ ግን የቅጠል ቀለም ሰጥተውት ጀርባዬን ሙሉ ይሸፍኑታል። ከኋላዬ ያለው አዳኝ በምን ይለየኝ? ይሄ እኮ የሕይወት ጉዳይ ነው!

ሱቅ ስሄድ ደግሞ ባዶውን አሸክመው «ተመቸህ?» ይሉኛል። 30 ኪሎ ሥጋ ጫኑበትና ጠይቁኝ እንጂ! የወገብ ቀበቶው ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው።