ለ«ብዬ ነበር» ባዮች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ሰርግም ክርስትናም ብትሄዱ አንድ ሊቅ አይጠፋም። ክትፎው ሳይቀርብ እሱ ይቀርባል። «ኮቪድ ጊዜ የሆቴልና የመርከብ አክሲዮን መሬት ሲነካ ግዙ ብዬ ነበር!» ይላል። ለማን እንዳለ አይታወቅም። እኛ ላስ ቬጋስ ያለን ሐበሾች ግን ልናመሰግነው ይገባል። እሱ ባይኖር ያልከበርነው ለምን እንደሆነ ሳናውቅ እንሞት ነበር።

እስቲ ጥበቡን እንይለት። ዛሬ ማታ ባዶ ያደረ የሆቴል ክፍል ነገ አይካካስም። መርከብም ወደብ ላይ ቆሞ ወጪው አይቆምም፤ ነዳጅ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ወለድ አለ። ስለዚህ በማርች 2020 የአሜሪካ ገበያ በጠቅላላ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲወርድ፣ እነዚህ ከዚያም ብሰው ተንኮታኮቱ። የመርከብ ሽርሽር ኩባንያው የካርኒቫል አክሲዮን ጃንዋሪ ላይ 50 ዶላር አካባቢ ነበር። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ 8 ዶላር ገባ። ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌት እንኳ የአየር መንገድ አክሲዮኖቹን ጠቅልሎ ሸጦ ወጣ። የእኛ ሊቅ ግን አልደነገጠም። አልገዛም እንጂ አልደነገጠም።

በሐሳቡ ግን ገዝቷል። 10 ሺህ አክሲዮን፣ በ8 ዶላር። ኖቬምበር 9 የፋይዘር ክትባት ዜና ሲሰማ ካርኒቫል በአንድ ቀን 39 በመቶ ዘለለ፤ ሊቁም አብሮ ዘለለ። በ2021 በጋ 30 ዶላር ሲደርስ በሐሳቡ ሸጠ። በሐሳቡ ቤት ገዛ። ቤቱን አከራየ፣ ተከራዩ አስቸገረው፣ አስወጣው። ግብር አልከፈለም፤ እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። በ2022 መጨረሻ አካባቢ አክሲዮኑ ከ7 ዶላር በታች ሲወርድ ደግሞ እንደገና ገባበት። አሁን መርከቡን ሊጠቀልል ምንም አልቀረው። ካፒቴኑን ሊቀይር ያስባል። ምግብ ዝርዝሩ ላይ ሽሮ የለም ብሎም ተቆጥቷል። 20 ዶላር አበድረኝ ብለው «ገንዘቤ ሁሉ ገበያ ላይ ነው» አለኝ። በቁሙ ያኔ የሸመተው ፓስታና የሽንት ቤት ወረቀት ነው። ጋራዡ ውስጥ እስካሁን አለ።

አንዲት ነገር ግን ከወሬው ትቀራለች። በ8 ዶላር ገዝቶ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አክሲዮኑ ከ7 ዶላር በታች ሲወርድ ኪሳራ ላይ ነበር። ኩባንያው ከወረርሽኙ ለመትረፍ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተበድሯል፤ አዲስ አክሲዮንም ሸጧል። መንገደኛው ቢመለስም የባለአክሲዮኑ ድርሻ ሳስቷል፣ ዕዳው ወፍሯል።

ያኔ እዚህ እኛ ጋ ምን ነበር? የላስ ቬጋሱ ዋና የካሲኖ ጎዳና፣ ስትሪፑ፣ ላይ ያሉት ካሲኖዎች ማርች ላይ ተዘግተው እስከ ጁን 4 አልተከፈቱም። ክፍል የሚያጸዱ፣ መኪና የሚያቆሙ፣ ካርታ የሚያድሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በአንድ ሌሊት ሥራ አጡ። ለድጎማ ስልክ ሲደውሉ እየዋሉ የሚያነሳላቸው አልነበረም። የቤት ኪራይ ጨንቆት የከረመ ሰው ፊት «8 ዶላር ነበር እኮ፣ ተኛችሁ!» ይባላል? በምን ይግዛ? በየትኛው ደመወዙ? ትንሽ እንኳ አይታፈርም?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ምቀኞች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሏቸዋል። ሐሰት ነው። የእኛዎቹ ጅቡ በየት በኩል እንደወጣ ጭምር ይተነትናሉ።

ለአገር ቤትም ይተርፋሉ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። ዘንድሮስ አልሸወድም ብዬ አንዱን ሊቅ ለብቻው ያዝኩት፤ የቱን አክሲዮን ልግዛ አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አትቸኩል ወንድሜ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ና፤ የቱን መግዛት እንደነበረብህ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ» አለኝ።